የሰረዝኳቸው ቅዳሜዎች

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ይህን ደብተር የገዛሁት ለሥራ ነበር። ሽፋኑ ላይ ጥንቸል እንዳለበት ያየሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ጥንቸል ይዞ ላቦራቶሪ አይገባም። ስለዚህ የግሌ ሆነ።

የመጀመሪያ ቀኔ። የሙከራ ጊዜዬ ሦስት ወር ነው። ሥራዬ መለካት ነው፦ ሺፉ ዌንግ ከሦስተኛው ምድጃ የሚያወጧቸውን ስስ የክሪስታል ዲስኮች ብርሃን አበራባቸዋለሁ፣ መልሰው የሚሰጡኝን ቀይ አነባለሁ፣ ከቀለሙ ተነስቼ ክፍተቱን አሰላለሁ። ክፍተቱ 1.968 ኤሌክትሮን ቮልት መሆን አለበት። ከ1.963 ካነሰ ወይም ከ1.973 ከበለጠ ደንበኛው አይቀበልም። ዲስኮቹ ተቆራርጠው የመኪና የፍሬን መብራት ይሆናሉ። ከእንግዲህ በከተማችን በሺንቹ ጎዳና ከፊቴ ፍሬን የሚይዝ ሁሉ የእኔን ቁጥር ያበራልኛል።

ሺፉ ዌንግን ሁሉም «ሺፉ» ነው የሚላቸው፤ ባለሙያ የሚለው ቃል ለእሳቸው ብቻ የተሠራ ይመስል። ሃያ ሰባት ዓመት ክሪስታል አሳድገዋል። በምድጃው ትንሽ መስኮት አጮልቀው ያዩና «ዛሬ ትንሽ ከፍቶታል» ይላሉ። ይህ ነው ዘዴያቸው።

ምድጃው ራስ ላይ አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት ተለጥፏል። ስሙ ጓይጓይ ነው፣ «አደብ ግዛ» እንደ ማለት፤ ማሽኑ እንዳያምፅ ይለጠፋል። በዚህ ከተማ ከረጢቱ የሌለበት ማሽን እንደሌለ አውቃለሁ። ቢጫ ከሆነ ማሽኑ ይታመማል፤ የመጠቀሚያ ቀኑ ካለፈ ደግሞ ያኮርፋል። ስድስት ዓመት ፊዚክስ ተምሬ ስመጣ አለቃዬ ብስኩት ሆኖ ጠበቀኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 7

ነፋስ። ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ነው። መሣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ እኔም እንቀጠቀጣለሁ። ቁጥሮቹ ደህና ናቸው፦ 1.968፣ 1.967፣ 1.969። ደህና ቁጥር ግን ማንንም አያስደንቅም።

እሑድ፣ ኖቬምበር 9

እማ ደወለች። «ልጅሽ ምን ትሠራለች እያሉ ይጠይቁኛል፣ ምን ልበል?»

«ክፍተት እለካለሁ በያቸው።»

«የምን ክፍተት? የጥርስ?»

አስረዳኋት። «እማ፣ ሊፍት የሌለው ፎቅ ቤት አስቢ። ኤሌክትሮኖቹ ታችኛው ፎቅ ይኖራሉ። ከታች እስከ ላይ መሃል ላይ ማረፊያ የለም፤ ወይ በአንድ ዝላይ ትደርሻለሽ፣ ወይ ታች ትቀሪያለሽ። ዘልሎ የወጣው ተመልሶ ሲወድቅ ብርሃን ይሰጣል። ከፍታው ነው ቀለሙን የሚወስነው። ረጅም ከሆነ ሰማያዊ፣ አጠር ካለ ቀይ። እኔ ያንን ከፍታ ነው የምለካው።»

«መሃሉ ላይ የሚኖር የለም?»

«ማንም የለም።»

«ታዲያ ለባዶ ቤት ነው ስድስት ዓመት ያስተማርንሽ?»

ከኋላዋ አባዬ ነጭ ሽንኩርት እየፈለፈለ «ባዶ ቤትም ጠባቂ ያስፈልገዋል በያት» ሲል ሰማሁት። አባዬ ሁልጊዜ ለእኔ ነው።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 12

ታላቅ ቀን! ማንም ሳያዘኝ ጠረጴዛዬን ከመስኮቱ አንስቼ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ወሰድኩት። መሣሪያው እንዳይንቀጠቀጥ የዲስኩን ብረት ማቆሚያ በአራት ብሎን ከግድግዳው ጋር አሰርኩት። አሁን ዐለት ነው። ግድግዳው ስስ ቆርቆሮ ቢሆንም ከረፋዱ በኋላ ደስ የሚል ሙቀት አለው፤ ጀርባዬን ሳስደግፍ እንደ ድመት ያደርገኛል። ከማዶው ሻይ ክፍሉ ነው። የጽሕፈት ቤታችን እህት ሹዩን ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የሁላችንንም ምሳ ዕቃ ሰብስባ ምሳ በሚያሞቀው እንፋሎት ሳጥን ውስጥ ትደረድራለች። አምስት ሰዓት ሲሆን የማን ቤት ምን እንደተሠራ በአፍንጫዬ አውቃለሁ።

ሁለተኛው ለውጤ፦ እስከ ዛሬ ዲስኩ በመጣ ቁጥር ነበር የሚለካው፣ ጠዋት ሁለት ሰዓትም ሆነ ሦስት፣ እንደ ገበያ። ከእንግዲህ ሁሉም ተሰብስቦ አምስት ሰዓት ላይ ባንድነት ይለካል። ለሺፉ ነገርኳቸው።

«ድሮ ጠዋት ነበር» አሉ።

«አሁን ሥርዓት አለ፣ ሺፉ።»

«ሥርዓትማ ጥሩ ነው» አሉና ፈገግ አሉ። ያስደነቅኳቸው ይመስለኛል።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 14

1.960። ደገምኩ፣ 1.960። ሠለስኩ፣ 1.961።

ሦስት ጊዜ ያው ከመጣ እውነት ነው ብለው ነው ያስተማሩን። ሦስተኛው ምድጃ እየሰነፈ ነው፣ የያዝኩትም እኔ ነኝ፣ በሁለተኛ ሳምንቴ! ደስ ማለቴ ነውር ነው። ግን ደስ ብሎኛል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 15

ግማሽ ቀን። ምሳ ዕቃ የሚያመጣ የለም፤ ሁሉም ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቤቱ ይሮጣል። 1.968። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ግማሽ ልቡን ነው ይዞ የሚመጣው፣ ቁጥሩም እንደዚያው። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ትናንትም ዛሬም 1.960። ሪፖርት አቀረብኩ፣ ከነግራፉ። ኃላፊ ሻኦ ሁለት ጊዜ አየውና «ጎበዝ። ዓይን አለሽ» አለኝ። ወደ ሺፉ ዞሮ ደግሞ እየሳቀ «ሺፉ ዌንግ፣ ዕድሜም እኮ ይቆጠራል» አላቸው። ሺፉም ሳቁ። የሁለቱ ሳቅ ግን ዓይነቱ ለየቅል ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ በጉልበታቸው ተንበርክከው የጋዝ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ሲፈትሹ ዋሉ። ምንም አላገኙም። ላግዝዎ ማለት ነበረብኝ። ግራፉን በቀለም እያስዋብኩ ነበር።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 21

እህት ሹዩን ጆሮዬ ሥር መጣች። «የከረጢቱን ቀን አይተሻል? ኦክቶበር ላይ አልፎበታል እኮ!»

«እህት ሹዩን፣ ይህ ሳይንስ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ? ሳይንስ ነው እንጂ።»

ሰኞ፣ ኖቬምበር 24

ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሁለቱ ጋ ቢጫ ብቻ። ሦስተኛው ጋ አረንጓዴ ተገኘ። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ቀየርኩት። ለሺፉ ስሜት ብዬ እንጂ እኔማ አላምንበትም።

አምስት ሰዓት ላይ 1.960። ምናልባት አንድ ሁለት ቀን ይፈልጋል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ሺፉ ተረቱ። ክፍተቱን ለማስፋት ክሪስታሉ ውስጥ የሚገባውን አሉሚኒየም ጨመሩ። አምስት ሰዓት ላይ፦ 1.968! ክፍሉ አጨበጨበ። ሺፉ ብቻ በመስኮቱ ወደ ምድጃው እያዩ «ቁጥሩ ደስ ብሎታል፣ እሱ ግን ደስ አላለውም» አሉ። ምድጃውን ማለታቸው ነው። አሮጌ ሰው።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 29

1.976። ይኸው ቅዳሜ። ተሰረዘ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 4

ደንበኛው ደወለ። ኃላፊ ሻኦ ስልኩን ከጆሮው አርቆ ነበር የያዘው፣ እኛም ሰማን። «የፍሬን መብራት ነው ያዘዝነው፣ ብርቱካን አይደለም! 1.976 ነው የምናነበው!»

1.976። ይህን ቁጥር የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ።

መሣሪያቸው የተበላሸ ነው አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ኃላፊ ሻኦ አመነኝ። «የእሷ ቁጥር በየቀኑ ያው ነው፣ የሚዋዥቀው ሽማግሌው ነው» አለ። ደንበኛው ግን እኛን ማመን ትቷል፤ ያለውን ሁሉ ላኩ፣ ራሳችን እንለካለን ብሏል።

ማታ ልወጣ ስል የኃላፊው በር ገርበብ ብሎ ነበር። «ከዓመቱ መዝጊያ ግብዣ በኋላ ሦስተኛውን ምድጃ ለወጣት እንሰጠዋለን። እርስዎ መጋዘን ገብተው ያርፋሉ።»

ሺፉ መለሱ። «መጋዘን ውስጥ እሳት የለም።»

ሹልክ ብዬ ወጣሁ። እኔ በሞተሬ ስመለስ ነፋሱ ሁለት ጊዜ ሊጥለኝ ነበር። ከፊቴ ያለው መኪና ፍሬን ሲይዝ ቀዩን ማየት አስጠላኝ። ቁጥሩ ቁጥር ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ለካሁ እንጂ።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ሺፉ አምስት ሰዓት ላይ ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። መጥተው አያውቁም። እንደ እኔ ግድግዳውን ተደገፉት። ከዚያ መዳፋቸውን ብረት ማቆሚያው ላይ አድርገው ቆዩ፣ ልጅ ያተኮሰው እንደሆነ እንደሚያዩ።

«ትንሿ ዦንግ፣ ዛሬ ምሳሽ ምንድን ነው?»

«የአሳማ ሥጋ በኮምጣጤ ጎመን፣ ሺፉ።»

«የታችኛው መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው። እሱ ነው በደንብ የሚሞቀው።» ከዚያም፦ «ጠዋት ለክተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሺፉ፣ ሥርዓቱ አምስት ሰዓት ነው።»

«አዎ፣ ሥርዓት» አሉና ሄዱ። ሰውየው ምድጃቸው ሊወሰድባቸው ነው፣ የሚያስቡት ስለ ምሳ ነው። አሳዘኑኝ።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 12

1.960 ተመልሶ መጣ። ሺፉ አሉሚኒየሙን ወደ ድሮው መልሰውታል፣ ማንንም ሳያማክሩ! ኃላፊ ሻኦ ራሱን ያዘ። «ጃጅቷል» አለ፣ ጮክ ብሎ። ሺፉ ሰምተዋል። ቀና ብለው እኔን አዩኝ፣ እሱን አይደለም። በመከፋት አልነበረም። በምን እንደነበር ማወቅ አልቻልኩም።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 17

ደንበኛው በዚህ ሳምንት አንድም ዲስክ አልመለሰም። በዓል ስለቀረበ ይሉኝታ ይዟቸው መሆን አለበት።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 20

1.968። ተሰረዘ። ቀይ እስክሪብቶዬ እያለቀ ነው።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 22

ዛሬ ክረምቱ የሚጋመስበት በዓል ነው። ሺፉ ከቤታቸው ትልቅ ድስት ሙሉ የሩዝ ሊጥ ድብልብል በስኳር ውሃ ይዘው መጡ። «ዛሬ ማንም ምሳ ዕቃ አያሙቅ፣ ሁሉም ከእኔ ይበላል! ሹዩን፣ ሳጥንሽን አጥፊው።» አሥራ ሦስት ድብልብል በላሁ። እህት ሹዩን «አንዷን ስትውጪ አንድ ዓመት ትጨምሪያለሽ፣ ማግባት ሊያመልጥሽ ነው» ብላ ሁሉን አሳቀችብኝ።

ቁጥሩ፦ 1.968። ሰኞ ነው እንጂ ቅዳሜ አይደለም! ሺፉ ከትከሻዬ በላይ አይተው «ኧረ! በዓሉን አውቋል» አሉ።

ሌላው ሁሉ እንደ ወትሮው ነበር። ብቻ ግድግዳው እንደ ሬሳ ቀዝቅዞ ጀርባዬን አሳመመኝ።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23

1.960። እግዜር ያሳያችሁ።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 27

ለመሰረዝ እስክሪብቶውን አነሳሁ፣ ደረቀ። ሌላ ከመፈለጌ በፊት ገጾቹን ሳገላብጥ የድሮዎቹን ስርዞች በሙሉ አየኋቸው። ሺፉ አሉሚኒየሙን ባልነኩባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ 1.968። በጨመሩባቸው ቅዳሜዎች 1.976፣ ልክ ደንበኛው እንዳለው። ሁልጊዜ ከሌላው ቀን በስምንት ሺህኛ ይበልጣል። ዋዥቆ አያውቅም። እኔ በዓመቱ ውስጥ ካየኋቸው ቁጥሮች ሁሉ ጨዋዎቹ የሰረዝኳቸው ናቸው።

ቅዳሜን እና የሰኞውን በዓል ምን ያገናኛቸዋል? ሁለቱም ቀን ምሳ ዕቃ

አይሆንም።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 29

ቴርሞሜትር ብረት ማቆሚያው ላይ አሰርኩ።

ሁለት ሰዓት፦ ሃያ ዲግሪ። 1.968።
አራት ሰዓት ተኩል፦ ሃያ ዘጠኝ። 1.964።
አምስት ሰዓት፦ ሠላሳ ስምንት። 1.960።

ክሪስታል ሲሞቅ ክፍተቱ ይጠብባል። የሁለተኛ ዓመት ትምህርት ነው። በዚያ ፈተና ዘጠና ስድስት ነው ያገኘሁት። እንፋሎት ሳጥኑ ከቆርቆሮው ማዶ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ አራት ብሎን አለ፤ ብሎኖቹን ያሰረው ማን ነው?

የአሥራ ስምንት ሰው ምሳ ከዲስኮቼ ጋር አብሬ ሳሞቅ ከረምኩ። የእኔም አሳማ ሥጋ አለበት። የታችኛው መደርደሪያ።

እሳቸው ያን ቀን እጃቸውን ብረቱ ላይ ሲያደርጉ አውቀዋል። ለምን አልተናገሩም? አንድ ቃል ብቻ ቢሉ ምድጃቸው ይቀርላቸው ነበር። አንድ ቃል ቢሉ ደግሞ እኔ

ይህን ዓረፍተ ነገር አልጨርሰውም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 2

ነገ እናገራለሁ። ኃላፊ ሻኦ ደንበኛው ጋ ሄዷል።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 5

በሩ ድረስ ሄድኩ። «ምን ፈለግሽ?» አለኝ። «ስቴፕለር» አልኩት። አሁን ሁለት ስቴፕለር አለኝ።

እህት ሹዩን ስለ ረቡዕ ግብዣ ታወራለች። «ዶሮዋ ማንን ታይ ይሆን?» በዓመቱ መዝጊያ ማዕድ ላይ ከነራሷ የምትቀርበው ዶሮ ምንቃር ያመለከተው ሰው በጨረቃ ከሚቆጠረው አዲስ ዓመት በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም። ኃላፊ ሻኦ ክፉ ነገር በአፉ መናገር አይወድም፤ ዶሮዋ ትናገርለታለች። «እኔን ብታይ አይኗን ነው የማጠፋት» ትላለች እህት ሹዩን። ሁሉም ይስቃል። ማንን እንደምታይ ሁሉም ያውቃል።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 7

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

አሥር ሆነን አንድ ክብ ጠረጴዛ ላይ ነበርን፣ የቀሩት በሌላው፤ እኔ ከሺፉ ትይዩ። ዓሣው መጣ፣ ሽሪምፑ መጣ፣ ወሬው ደራ። ዶሮዋ ስትመጣ ወሬው ቆመ። አስተናጋጁ የሚሽከረከረው መስታወት ላይ አስቀመጣት። ኃላፊ ሻኦ ሻይ ለመቅዳት የሚፈልግ መስሎ መስታወቱን በጣቱ ገፋ፣ ገፋ፣ አቆመ። ምንቃሯ ሺፉ ላይ።

ሺፉ ለውዝ በቾፕስቲክ እየለቀሙ ነበር። አንዷም አላመለጠቻቸውም። ሃያ ሰባት ዓመት ምድጃ ያየ እጅ።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። መስታወቱን ያዝኩት፣ አዞርኩት። ዓሣው አለፈ፣ ሽሪምፑ አለፈ፣ ምንቃሯ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ትንሿ ዦንግ፣ ጠጥተሻል?» አለኝ ኃላፊ ሻኦ።

«ዶሮዋ ቦታ ተሳስታ ነው። ክፍተቱ ምድጃው ውስጥ አልጠበበም፣ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የጠበበው። መሣሪያውን ከምሳ ማሞቂያው ጀርባ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ሺፉ አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ቅዳሜዎቹን እዩአቸው። የሰረዝኳቸውም እኔ ነኝ።»

ቀድማ የጮኸችው እህት ሹዩን ናት። «ምን? ሁለት ወር ሙሉ የደንበኛውን መብራት ያበላሸው የእኔ ሳጥን ነው?»

«ሳጥንሽ አይደለም፣ እህት። እኔ ነኝ።»

«የእኔ የዳክዬ እንቁላልም አለበት?» አለ አንዱ። «የእኔ ዓሣ ደግሞ ብቻውን አምስት ዲግሪ ይሆናል!» አለ ሌላው። ሳቁ ጠረጴዛውን አናወጠው፤ እኔ ግን እያለቀስኩ ነበር መሰለኝ። ኃላፊ ሻኦ አልሳቀም። ሺፉን ነበር የሚያያቸው። «ያውቁ ነበር?»

ሺፉ የመጨረሻዋን ለውዝ ዋጡ። «የግድግዳውን ሙቀት አውቅ ነበር። የልጅቷን ነበር ያላወቅሁት። ከራሷ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረበት፤ ክሪስታል ተጎትቶ አያድግም።»

«ባትናገርስ?»

«እኔ መጋዘን፣ እሷ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ጀርባዋን እያሞቀች።»

ከዚያ ተነስተው ቾፕስቲካቸውን ዘረጉ፣ የዶሮዋን ራስ ከአንገቷ ቆርጠው አነሱና የራሳቸው ሳህን ላይ አደረጉት። «ራስ የሌላት ዶሮ ማንንም አታይም» አሉ። «ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል።»

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 9

ሦስተኛው ምድጃ የሺፉ ሆኖ ይቀጥላል። የእኔ የሙከራ ጊዜ ላይ ሌላ ሦስት ወር ተጨምሮበታል፣ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ። ኃላፊ ሻኦ «ዓይን አለሽ ብዬ ነበር፤ አሁን ደግሞ ጀርባሽን ተጠንቀቂ» አለኝ። ይህ ቀልድ ሳይሆን አይቀርም። ስቴፕለሩንም መለስኩለት።

አራቱን ብሎን ፈትቼ ጠረጴዛዬን ወደ መስኮቱ መለስኩ። ነፋስ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሃያ ዲግሪ፣ 1.968።

እማ ደወለች፤ ባዶው ቤት እንዴት ነው አለች። ጠባቂው ተኝቶ ነበር፣ አሁን ነቅቷል አልኳት።

ከምሳ ስመለስ መሣሪያዬ ራስ ላይ አረንጓዴ ከረጢት ተለጥፎ አገኘሁ። ሥሩ በሺፉ ጽሑፍ፦ «ለማሽኑ አይደለም፣ ለለካችው።» አገላብጬ ቀኑን አየሁ። ኤፕሪል 30 ላይ ያልፍበታል። እስከዚያ አደብ መግዛት አለብኝ።